ለንቦቹ ማን ነገራቸው?

የበረዶ ቤቱ በር ሲከፈት ጎብኚዎቹ እየሳቁ ነበር። አስጎብኚዋ ሚስ ፊልፖት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚቀልዷት አንዲት ቀልድ አለቻቸው፤ «ድሮ ጌቶች ከኩሬው የቆረጡትን የክረምት በረዶ እዚህ ጉድጓድ ያከማቹ ነበር። እዚህ የገባ ሥጋ እስከ ገና አይሸትም» ይላሉ። ያን ዕለትም እንደ ልማዳቸው ይህንኑ ብለው የእጅ ባትሪያቸውን ወደ ታች አበሩ። ከጉድጓዱ ወለል ላይ የአልደርሌት ታላቅ ቤት ባለቤት፣ ሰር ኦስበርት ካልድኮት፣ አንድ እግራቸው ከሥራቸው ታጥፎ ተጋድመዋል። ዓይናቸው አልተከደነም።

«ሰር ኦስበርት» አሉ ሚስ ፊልፖት፣ ሰውየው ተነሥተው ቢቆጧቸው ደስ የሚላቸው ይመስል፤ «ሰር ኦስበርት፣ ይቅርታ።»

ኢንስፔክተር ሄስተር ፕሮበርት ስትደርስ ጎብኚዎቹ ሣሩ ላይ ተኮልኩለው ሻይ ይጠጡ ነበር። የዚህ አገር ሰው ሬሳ አይቶም ሻይ ይጠጣል፤ ምን ያድርግ፣ ሌላ የሚያውቀው መላ የለም። ሄስተር የገበሬ ልጅ ናት፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ረጅም፣ ቃል የምትቆጥብ። ረዳቷ ሳርጀንት ጉርዲፕ ሳንድሁ የዉልቨርሃምፕተን ልጅ ነው፤ ላም ባየ ቁጥር መንገድ የሚቀይር ንጹሕ የከተማ ሰው።

ጉድጓዱ ውስጥ ሐኪሙ ተንበርክኮ ጠበቃቸው።

«ከአፋፉ ወድቀዋል፤ ወይም ተገፍተዋል» አለ። «ጭናቸው ተሰብሯል፣ ጎናቸውም ተጎድቷል። ግን ወዲያው አልሞቱም።»

«ምን ያህል ቆዩ?»

«ጥፍራቸውን እዪው። የጡብ ዱቄት ነው፤ ሊወጡ ሞክረዋል። የወደቁት ጎህ ሲቀድ ይመስለኛል። የሞቱት ግን ከቀትር በኋላ ነው። ገና በወጉ አልቀዘቀዙም።»

«ሰዉ እዚያ ኬክ ሲበላ እሳቸው እዚህ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው?» አለ ሳንድሁ።

ሄስተር ወደ በሩ ተመለሰች። እንደ ዋርካ ግንድ የወፈረ እንጨት ነው፤ ከውስጥ የጮኸ ሰው ድምፁ ከጣራው አያልፍም። ሚስ ፊልፖት ሲመጡ ደግሞ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ሰር ኦስበርት በየማለዳው የሌሊት ወፎቹ ወደዚህ ጉድጓድ ሲመለሱ ማየት ይወዱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎብኚ ለመሸሽ ዳቦ ኪሳቸው ከትተው ቀኑን ሙሉ ጫካ ለጫካ ስለሚዞሩ ቁርስ ላይ ሲቀሩ ማንም የት ገቡ አላለም። በሩን ቆልፎ የሄደው ሰው ወይ ሞተዋል ብሎ ነው፣ ወይ ይሙቱ ብሎ ነው። ሄስተር የትኛው እንደሚብስ መወሰን አቃታት።

ቁልፉ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ወጥ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ካለ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሚስ ፊልፖት የከፈቱት በእሱ ነው። ሌላው የተገኘው በግቢው እንጨት ቆራጭ በኔድ ቤዶስ ወገብ ላይ ነው። እጁ እንደ አካፋ የሰፋ፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ። ማለዳውን ሙሉ ከበረዶ ቤቱ የድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ የወደቀ ዛፍ ሲቆርጥ ነበር።

«ምንም አልሰማህም?» አለችው።

«ጆሮዬን ሸፍኜ ነበር። የሞተር መጋዝ ይዘው ያውቃሉ፣ ኢንስፔክተር?»

«ሐሙስ ዕለት ከሰር ኦስበርት ጋር ስትጣላ ግን መጋዝ አልያዝክም። ግቢው ሁሉ ሰምቶሃል።»

ኔድ ፊቱ ቀላ። «ተጣላን፣ አልክድም። ቤቱን ለቅርስ ማኅበር ሊሰጡት ነው፣ ሰኞ ሊፈርሙ። እኔና እናቴ የምንኖርባት የበር ላይ ጎጆ ምን ትሆናለች ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹አላሰብኩበትም› አሉኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አገልግላቸው አላሰቡበትም። አዎ፣ ጮህኩባቸው። ግን እሳቸውን ገድዬ ጎጆዋን ማን ይሰጠኛል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሄስተር አለቃ ክላቨርሊ ግን ለጥሩ ጥያቄ ጊዜ የለውም።

«ቁልፉ ወገቡ ላይ፣ ጠቡ ሐሙስ፣ ሰውየው እዚያው አጠገቡ» አላት በስልክ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ፈርሞ ይስጥሽ?»

«መቼም የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፣ ጌታዬ።»

«አንቺ ደግሞ ሳታፈሺም ትለቅሚያለሽ። ያዢው። ነገ ከመምሸቱ በፊት ወይ እንከሰዋለን ወይ ሕጉ ልቀቁት ይለናል፤ እኔ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ለቀቀ መባል አልፈልግም።»

ኔድን ሲወስዱት ጎብኚዎቹ ሻያቸውን አቁመው አዩት። ቀና ብሎ አላያቸውም።

እናቱ ሚስስ ዶርካስ ቤዶስ ወጥ ቤት ነበሩ። የቤቱ አዛዥ እሳቸው ናቸው፤ ምግቡንም፣ ቁልፉንም፣ ንቦቹንም የያዙ። አንድ የመዳብ ድስት ይወለውላሉ። ድስቱ ድሮ ጠርቷል፣ እሳቸው ግን አላቆሙም።

«ልጄ አይደለም ያደረገው» አሉ።

«ሁሉም እናት እንደዚያ ትላለች፣ ሚስስ ቤዶስ።»

«ሁሉም እናት አታውቅም። እኔ አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

ጨርቁ ድስቱ ላይ ቆመ። ቆየና እንደገና መዞር ጀመረ። «ጎህ ሲቀድ ቤት ነበር። ቁርስ አብረን በላን።»

ሄስተር ይህን ማንም ዳኛ እንደማይቀበለው ለመናገር ልብ አጣች። ግድግዳው ላይ ሁለት ልጆች አንድ ቅርንጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው የሚስቁበት ፎቶ ተሰቅሏል። አንዱ በእጁ ብቻ ይታወቃል፣ ኔድ ነው።

«ይሄኛውስ?»

«ፒርስ። የሰር ኦስበርት የወንድም ልጅ። አፉን ሳይፈታ እናቱ ሞተችበት፣ አባቱም ብዙ አልቆየም። አጎቱ ናቸው ያመጡት፤ ያሳደግሁት ግን እኔ ነኝ። ከኔድ ጋር ከአንድ ሳህን ነው የበሉት።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላላ አለ። «አንዱ ዝምተኛ፣ አንዱ ለፍላፊ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? የኔ ሆድ ያልወለደውንም ጨምሮ ነው።»

ፒርስ ካልድኮት ያን ዕለት ማታ ከለንደን ደረሰ። ሄስተር እሑድ ጠዋት መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ አገኘችው፣ መስኮት ላይ ተቀምጦ። ቀጭን፣ ደህና የለበሰ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

«ወንበር አልጋብዝዎትም» አላት። ጎብኚ እንዳይቀመጥ እያንዳንዱ ወንበር ላይ የደረቀ የእሾህ አበባ ተቀምጦበታል። «የገዛ አያቴ ወንበር ላይ እሾህ አኑረውብኛል። ትኬት ልቁረጥ ይሆን?»

«አጎትዎ ቤቱን ሊሰጡት እንደነበር ያውቃሉ?»

«ደውሎ ነገረኝ። ተገላገልኩ አልኩት። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉን ምስጥ በልቶታል፣ የቀረውን ጎብኚ ይበላዋል። ቤት ሳይሆን የታመመ ዝሆን ነው።»

«አርብ ማታ የት ነበሩ?»

«ለንደን፣ ወዳጆቼ ዘንድ እራት ላይ። ጥቁር ልብስ፣ ረጅም ንግግር፣ መጥፎ ወይን። የፈለጉትን ያህል ምስክር አለኝ።»

«ከእራቱ በኋላስ?»

«ተኛሁ። ብቻዬን፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ፖሊስ ደወለልኝ፣ በባቡር መጣሁ። ትኬቱ ይኸው።»

«ከዚያ በፊት እዚህ የመጡት መቼ ነው?»

«ካቻምና ለገና። ከዚያ ወዲህ የአልደርሌትን ጭቃ አልረገጥኩም፤ ማንንም ይጠይቁ።» ወደ ውጭ አየ። «ስለ ኔድ ሰማሁ። ወንድሜ ማለት ነው፣ ያውቃሉ? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል እንጂ ያጎረሰውን እጅ አይነክስም። ምን ነካው?»

«ገና አልተከሰሰም።»

«ይሁን። ዶርኪን ግን አደራዎን። ዶርካስን ማለቴ ነው። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።» ይህን ሲል ቀልዱ ከድምፁ ጠፋ። ሄስተርም አመነችው፤ ሴትየዋን መውደዱ የውሸት አልነበረም።

ከመጻሕፍት ቤቱ ስትወጣ ግን ከእራቱ እስከ ስልኩ ያለው ጊዜ አልተዋጠላትም። ሰው ሌሊት በመኪና ለንደን ደርሶ መልስ መሄድ ይችላል። ይችላል ማለት ደግሞ ሄዷል ማለት አይደለም፤ በይችላል የተፈረደበት ሰው የለም፣ ከኔድ በቀር።

ሳንድሁ የቅዳሜ ጎብኚዎችን ያነሡትን ፎቶ ሁሉ ላኩልን ብሎ ነበር። የዛሬ ሰው ኬኩን እንኳ ፎቶ ሳያነሣ አይበላም፤ ምስኪኑ ሳርጀንት ሲያገላብጥ ዓይኑ ቀላ።

«አለቃ፣ ይቺን ሴትዮ ይዩልኝ። ሚስስ ፒው ይሏታል፣ ከዌልስ። ይሄ ሁሉ ሥዕልና ሐውልት እያለ ያነሣችው ቀፎ ብቻ ነው። ራሷም ንብ አርቢ ነኝ ትላለች። ደግሞ ቀፎዎቹን በጥቁር ሪባን ምን አስጌጣቸው?»

ሄስተር ስልኩን ከእጁ ወሰደች። ከጡብ አጥሩ ውስጥ ያለው የአትክልት ቦታ ነው፤ ነጭ የእንጨት ቀፎዎች ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል።

«ጌጥ አይደለም» አለችው። «ኀዘን ነው። የቤት ጌታ ሲሞት ለንቦቹ ይነገራቸዋል። ቀፎው ላይ ጥቁር ታስራለህ፣ በቁልፍ ታንኳኳለህ፣ ‹ጌታችሁ ሞቷል፣ አዲሱ ጌታችሁ እገሌ ነው› ትላለህ። ካልተነገራቸው ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ቤቱም ይፈታል ነው የሚባለው። አባቴ የሞተ ቀን እናቴ በዝናብ ወጥታ ነግራቸዋለች።»

«ሰው ይሄን ያምናል?»

«ማንም አያምንም። ሁሉም ግን ያደርገዋል።»

ሳንድሁ ጢሙን አሻሸ። «እና አንዱ የቤቱ ሰው ሬሳው ሲገኝ...»

«ፎቶው መቼ ነው የተነሣው?»

አየው። አንገቱን ቀና ሲያደርግ ፊቱ ሌላ ሆኗል። «ረፋድ ላይ። ግቢው ለጎብኚ ገና እንደተከፈተ።»

«ሰር ኦስበርት ረፋድ ላይ አልሞቱም ነበር፣ ጉርዲፕ። በዚያ ሰዓት ሞተዋል ብሎ ሊያምን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሩን የቆለፈባቸው።»

ወደ አትክልቱ ሮጡ ማለት ይቻላል። ቀፎዎቹ አሉ፣ ጥቁሩ የለም። አንዱ የእንጨት ስንጥር ላይ አንዲት ጥቁር ክር ተሰክታ ቀርታለች። ሚስስ ቤዶስ ከወጥ ቤቱ በር ቆመው ያዩአቸው ነበር።

«ጥቁሩን ማን ፈታው?» አለቻቸው ሄስተር።

«የምን ጥቁር?»

«ፎቶ አለኝ፣ ሚስስ ቤዶስ።»

«ጎብኚ የማያደርገው ነገር አለ? አንዴም ሐውልቱን ኮፍያ አልብሰውት ነበር።» እጃቸው ግን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሲዋሹ የኖሩ ሰው አልነበሩም፤ አልቻሉበትም።

ሄስተር ለአለቃዋ ባትደውል ትወድ ነበር፤ ግን ደወለች።

«ይኸውልሽ» አለ ክላቨርሊ፣ ድምፁ በደስታ እየሞላ። «ለንብ መንገር የሚያውቅ ማን ነው? የንብ አርቢዋ ልጅ። ልጅዋ አሰረው፣ እናትየዋ አይታ ፈታችለት። ስትፈልጊው የዋልሽውን ማስረጃ በገዛ እጅሽ አመጣሽው። ዛሬ ይከሰስ።»

የሚያናድደው ነገር፣ ልኩ ኔድ ላይ ልክክ ብሏል። ያን ጥያቄውን ግን መርሳት አልቻለችም፤ እሳቸውን ገድዬ ጎጆዋን ማን ይሰጠኛል? ለንቦቹ ‹አዲሱ ጌታችሁ› ሲል የማንን ስም ሊጠራ ነው፣ የራሱን? ሳንድሁን ይዛ ወደ ጣቢያው ነዳች።

ኔድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ያመጡለትን ምግብ አልነካውም።

«ለንቦቹ ነግረሃቸዋል?» አለችው፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

አበደች ወይ ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ማን ይንገራቸው? እኔን እዚህ ዘጋችሁኝ። እማዬ ጉልበቷ አይችልም፣ እስከ ፖም ዛፎቹ ድረስ ዳገት ነው።»

«የምን የፖም ዛፍ? ቀፎዎቹ አጥሩ ውስጥ አይደሉም?»

«እነዚያ?» ሊስቅ ቃጣው። «እነዚያ ለጎብኚ ማሳያ ናቸው፣ ባዶ ሳጥን። በሚያዝያ አንዲት ሴትዮ ተነድፋ ሐኪም ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ እማዬ እያዘዘችኝ ንቦቹን ዳገቱ ላይ አወጣኋቸው። አጥሩ ውስጥ አንዲት ንብ የለችም።»

ሄስተር ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ይሄን የሚያውቅ ማን ነው?»

«እዚህ የሚሠራ ሁሉ። ሰር ኦስበርትም።»

«የማያውቅስ? ለንብ መንገር ተምሮ ያደገ፣ ንቦቹ መዛወራቸውን ግን ያልሰማ?»

ኔድ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እነዚያን ትልልቅ እጆቹን ፊቱ ላይ ደፋ። «እሱ ካቻምና ለገና ነው የመጣው» አለ በጣቶቹ መካከል። «አይሆንም። እሱ እኮ በንቦቹ ይስቅ ነበር።»

ጎህ ሲቀድ፣ በጭጋግ፣ በመስከረም ብርድ ንብ አይበርም። በዚያ ሰዓት ባዶውና ሙሉው ቀፎ አንድ ነው። ሄስተር ይህን አውቃ ወጣች፤ አንዲት ክርና ባዶ ሳጥን ይዞ ግን ፍርድ ቤት አይቀረብም። ክላቨርሊ ይስቅባታል፣ የፒርስ ጠበቃ ደግሞ ይብስበታል። አመሻሽ ላይ ኔድ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ይጻፋል። የቀራት የፒርስ አንደበት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በጥያቄ የሚያስከፍተው ሰው ገና አልተወለደም።

ስለዚህ ምንም ላትጠይቀው ወሰነች።

«አንድ ነገር ላሳይዎት» ብላ ወደ አትክልቱ ወሰደችው። ሳንድሁ ከኋላ ተከተላቸው። ሚስስ ቤዶስም ከወጥ ቤት ወጥተው አጥሩ በር ላይ ቆሙ፤ የጠራቸው የለም።

ፒርስ እጁን ኪሱ ከቶ ይቀልድ ነበር። «ማር ሊያስቆርጡኝ ነው?»

ሄስተር የመጀመሪያውን ቀፎ ክዳን አንሥታ ሣሩ ላይ አኖረችው። ውስጡ የሸረሪት ድር ነው። ምንም ሳትል ሁለተኛውን ከፈተች። ሦስተኛውን።

ቀልዱ መሐል ላይ ተቋረጠ። ፒርስ ጠጋ ብሎ አየ፤ ከዚያ ገፋ አድርጓት አለፈና አራተኛውን ክዳን ራሱ አነሣ፣ አምስተኛውንም። ፊቱ አመድ ለበሰ።

«ሄደዋል» አለ። «ሁሉም ሄደዋል።»

ሄስተር ዝም አለች። በሕይወቷ እንደዚያ ዝም ማለት ከብዷት አያውቅም።

«ነግሬያቸዋለሁ እኮ» አለ ለራሱ። «እንደሚገባው ነው የነገርኳቸው። በቁልፍ አንኳኩቼ፣ በስም ጠርቼ...»

ያኔ የተናገረውን ሰማው። ቀና ሲል ያየው ግን ኢንስፔክተሯን አልነበረም፣ ሚስስ ቤዶስን ነው። «ዶርኪ፣ ለምን ሄዱ?»

«አልሄዱም የኔ ልጅ» አሉ አሮጊቷ። «ባዶ ሳጥን ነው ያናገርከው።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የፒርስን ሆድ ያወጣችው ያልነበረች ንብ ናት። ክዳኑን እንደያዘ ሣሩ ላይ ተቀመጠና ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ከእራቱ ወጥቶ ሌሊቱን ሲነዳ አድሯል። አጎቱ ጎህ ሲቀድ የት እንደሚገኙ ያውቃል፤ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ወስዶ፣ በሩን ከፍቶ እዚያ ጠበቃቸው።

«ልለምነው ነው የመጣሁት። ስድስት ትውልድ የኖርንበት ቤት፣ በአንዲት ፊርማ! ጣሪያው ያፈሳል እያልኩ የምቀልደው... ጣሪያውን በጥርሴ ይዤ በጠገንኩት። ‹አንተ ቤቱን አትወደውም፣ ስትስቅበት ነው የኖርከው› አለኝ። ገፋሁት። ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ሞቷል ብዬ ዘጋሁት።»

«ጥቁሩስ?»

«የእራት ኮቴን ገበር ቀደድኩት። ነግሬያቸው ስጨርስ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መልሼ ወደ ለንደን ነዳሁ። ቤቱ የእኔ ከሆነ ንቦቹ መሄድ የለባቸውም።» ወደ ሚስስ ቤዶስ አየ። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽን።»

አልሞቱም ነበር የሚለው ቃል ሄስተር ምላስ ላይ መጣ። አሮጊቷ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመዋል፤ ቃሉን ዋጠችው።

ኔድ የተለቀቀው ቀኑ ሳይጨልም ነው። ክላቨርሊ ደውሎ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ፤ ሄስተር ሳትሰናበተው ዘጋችው። ሚስስ ቤዶስ ጣቢያው ውስጥ ከእሷ ፊት ተቀምጠው ከሽርጣቸው ኪስ የተጨማደዱ ጥቁር ጨርቆች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሮዝመሪ ልቆርጥ ወጥቼ አየሁት» አሉ። «ኔድ ባዶ ቀፎ ላይ ጥቁር አያስርም። ገና ሳየው የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ።»

«ኔድ ሲታሰርም ዝም አሉ።»

«ኔድ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ሰው ቢገባም ይወጣል አልኩ። ያኛው ግን ከገባ አይወጣም። ያኛው ከእኔ ሌላ ማን አለው?»

ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። ኔድ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ምን ያህል እንደሰማ ፊቱ ይናገራል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ» አለ። «እኔ ዳዋው ነኝ እማዬ?»

«ትወጣለህ ብዬ ነው፣ ኔድ።»

«ባልወጣስ?»

አሮጊቷ ወደ ሄስተር ዞሩ፣ ከልጃቸው ዓይን ለመሸሽ ይመስላል። «ጥቁሩን ስፈታ አለቀስኩ። ሰር ኦስበርት ሞቱ ብዬ። አንዴ ከሞቱ ብናገር ምን ይጠቅማቸዋል፣ የሞተ አይነሣም አልኩ። እስቲ ንገሪኝ የኔ ልጅ፤ ወዲያው ነው ያለፉት? አልተሠቃዩም?»

ሄስተር መዋሸት ትችል ነበር፤ ብዙ ለቀስተኛ በዚህች ውሸት አስተኝታለች። ግን የሐኪሙ ቃል ነገ ከነገ ወዲያ በአደባባይ ይነበባል። ያኔ ከማያውቁት ሰው አፍ ከሚሰሙት አሁን ይሻላል።

«ሚስስ ቤዶስ፣ ሰር ኦስበርት የሞቱት ከቀትር በኋላ ነው።»

«እሺ» አሉ፣ ስለ አየሩ የተነገራቸው ይመስል። ጨርቆቹን አንድ ባንድ መሰብሰብ ጀመሩ። መሐል ላይ እጃቸው ቆመ። «እኔ ያየሁት ረፋድ ላይ ነው።»

«አዎ።»

«ስፈታው...»

«በሕይወት ነበሩ።»

ሳንድሁ አንገቱን ደፋ። ሚስስ ቤዶስ አላለቀሱም። «ብናገር ኖሮ ግቢው ሁሉ ወጥቶ ይፈልጋቸው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ኔድ እዚያው አጠገባቸው ነበር። ቁልፉ ወገቡ ላይ ነበር።» ከዚያ ብዕሩን ወደ ሄስተር ገፉት። «ጻፊው። አይቼ ዝም እንዳልኩ ጻፊው። አታሳምሪው።»

ሄስተር ጻፈች። ሲያልቅ አሮጊቷ ፈርመው ተነሡና ኮታቸውን መልበስ አቃታቸው፤ እጅጌው ጠፋባቸው። ኔድ መጥቶ ኮቱን ያዘላቸው። እጃቸውን ቀስ ብሎ አስገባላቸው፣ አንገትጌውን አስተካከለላቸው፣ የኮቱን ቁልፎችም እሱ ቆለፈ። በዚህ ሁሉ ፊታቸውን አንዴም አላየም።

ከዚያ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ሳንድሁ ዞረ።

«ሴትዮዋን ቤቷ አድርስልኝ» አለው። «እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።»